ያልላላው ብሎን

ብሎኑ ዞረ።

ሀጀራ መጀመሪያ እጇ የተንሸራተተ መስሏት ነበር። መፍቻውን አጥብቃ ያዘችና እንደገና ሳብ አደረገችው። አዎ፣ ዞሯል። የጥፍር ስፋት ያህል ብቻ ነው፤ ግን ዞሯል። ስምንት ወታደር ሁለት ቀን ሙሉ እየተፈራረቀ የጎተተው፣ በመዶሻ የቀጠቀጠው፣ በጣሊያንኛም በአማርኛም የሰደበው ብሎን ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ እሺ አላት። ደስታው ድንገት መጥቶባት «አባ፣ ላላ!» ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ ወንድሟ ሸረፋ ትዝ አላትና መልሳ ዘጋችው።

የጣሊያን ጦር የጭነት መኪና ቡታጅራ ገበያ ዳር ከቆመ አራተኛ ቀኑ ነው። ከሞተሩ ፊት ያለው፣ ቺንጋ የሚጠመጠምበት ክብ ብረት፣ ፑሌጃ የሚሉት፣ ለሁለት ተሰንጥቋል። አዲሱ ፑሌጃ ከአዲስ አበባ መጥቶላቸዋል። አሮጌውን ለማውጣት ግን መሐሉ ላይ ያለው ትልቅ ብሎን መፈታት ነበረበት፤ እሱ ደግሞ ዝጎ ከብረቱ ጋር አንድ ሆኗል። ነጩ መካኒክ በወባ ተይዞ ከሄደ ሰንብቷል። ሁሉም ነገር አልሆን ሲላቸው ነው የመስቃኑ ቀጥቃጭ፣ የሀጀራ አባት ከማሉ፣ ትዝ ያላቸው።

ከማሉ በሌላ ጊዜ ለማንም ትዝ አይልም። ገበሬው ማረሻውን ያሠራዋል፣ ሴቶቹ የእንሰት መፋቂያቸውን ያስሞርዱታል፤ ቤቱ የሚያስገባው ግን የለም። ውሃ ሲጠይቅ ዋንጫ አይሰጡትም፣ በእፍኙ ያፈሱለታል። ሀጀራም ከሰው ደጅ ውሃ በእፍኟ እየጠጣች ነው ያደገችው። አንድ ነገር ግን ማንም አይክደውም። ከማሉ ከያዘው ብረት ተሸንፎ አያውቅም።

ትናንት ገና እንደመጣ «ይሄ ጊዜ ይፈልጋል» ስላለ አንዱ ባንዳ በሰደፍ ቀኝ ትከሻውን መታው። ክንዱ ከዚያ ወዲያ አልነሣ ስላለ መፍቻውን የምትስበው ሀጀራ ሆነች። እሱ በግራ እጁ እያመለከተ ያሠራታል። የመኪናውን ጎማዎች በድንጋይ አገዱ። በተቀደደ ቆርቆሮ ፍም አድርገው ከብሎኑ ሥር አስጠጉና ሀጀራ በወናፍ እያናፋች አጋለችው። ሲግል ከማሉ የማር ሰም ጫነበት። ሰሙ እየቀለጠ በጥርሱ መሐል ወደ ውስጥ ሠረገ። ቀዘቀዘ። እንደገና አጋሉት፣ እንደገና ሰም። በሦስተኛው ሰሙ ሲረጋ የብሎኑን ራስና ፑሌጃውን አያይዞ ዙሪያውን ቢጫ ቀለበት ሠራ።

ከማሉ ይህን ሁሉ ሲያደርግ እንደ ማንኛውም ሥራ ተጨንቆበትና ተጠብቦበት ነበር። ሀጀራን ያናደዳትም ይኸው ነው። መኪናው የሚጠገነው ለምን እንደሆነ እኮ ያውቃል! አስተርጓሚው አስረስ ትናንት ነግሯቸዋል። «ነገ እኩለ ቀን ላይ ካልተነሣ ሃያ ጅራፍ ትቀምሳለህ። መትረየስ ጭኖ ዘቢዳር ተራራ ሥር ሽፍቶቹ ጋ ይሄዳል» ነበር ያለው። አስረስ «ሽፍቶቹ» ከሚላቸው አንዱ ሸረፋ ነው፤ የከማሉ የበኩር ልጅ፣ የሀጀራ ወንድም።

የሸረፋ ሚስት ሳሌሃ ዛሬ ጠዋት በርበሬ ተሸክማ በኬላው አልፋለች፤ የላከቻት ሀጀራ ናት፣ «ቦታ ቀይሩ በያቸው» ብላ። ግን መንገዱ ዳገት ነው፣ ሸክሙም ከባድ። ዐስር ሶላት ሳይደርስ ሳሌሃ እዚያ አትደርስም። መኪናው አሁን ከተነሣ ቀድሟት ይደርሳል። ይህን ለአባቷ አልነገረችውም፤ ሳሌሃ በፊታቸው ስታልፍ ግን እሱም ቀና ብሎ አይቷታል። ስለ ሸረፋ በቤታቸው አይወራም።

«ምነው ቆምሽ?» አለ ከማሉ።

ላላ ብትል ሸረፋን ይገድሉታል። አልላላም ብትል አባቷን ይገርፉታል፤ በዚያ በተሰበረ ትከሻው ላይ። ሌላ መንገድ ፈለገች፤ አጣች። መፍቻውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ብሎኑን ወደነበረበት መለሰችው።

«አልላላም፣ አባ» አለች። ድምፅዋ የሷ አልመስል አላት።

ከማሉ ቀረብ ብሎ ተንበረከከ። ሀጀራ ያን ጊዜ ነው ያየችው። የሰሙ ቀለበት ተሰንጥቋል። ብሎኑ ካልዞረ ሰሙ አይሰነጠቅም፤ ይህን የአንድ ቀጥቃጭ ልጅ ካወቀችው አባትየው አያጣውም። ከማሉ ስንጥቁን ትክ ብሎ አየው። ከዚያ እሷን አያት። ፊቱ ላይ ቁጣ ፈልጋ አላገኘችም፤ ድካም ብቻ ነበር።

«እህስ፣ ከማሉ?» አስረስ ሰዓቱን እያየ መጣ። ከኋላው መኮንኑና ሁለት ባንዳዎች አሉ። ገበያተኛውም ከበብ ከበብ ማለት ጀምሯል። «ሰዓትህ ደርሷል። ተፈታ?»

ከማሉ በግራ አውራ ጣቱ የተሰነጠቀውን ሰም ከብሎኑ ዙሪያ ጠርጎ አነሣው፤ በጣቶቹ መሐል አድበልብሎ ኪሱ ከተተው።

«አቃተኝ» አለ።

ሀጀራ ይህን ቃል ከአባቷ አፍ ሰምታ አታውቅም። ከሰዉ መሐል አንዱ «ሞያ ሞያ ሲሉት!» ብሎ ሳቀ። ሌሎችም ሳቁ።

«አቃተኝ ማለት ምን ማለት ነው?» አለ አስረስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰውዬ፣ ይገርፉሃል እኮ!»

«እስከ ዐስር ሶላት ድረስ ይፈታል። ከዚያ በፊት አይሆንም በላቸው።»

አስረስ ለመኮንኑ ተረጎመለት። መኮንኑ ጓንቱን እያወለቀ አጭር መልስ ሰጠ።

«እስከ ዐስር ሰጥቶሃል። ሃያው ጅራፍ ግን አይቀርም» አለ አስረስ። «ከግርፋቱ በኋላም ወታደሩ ራሱ ብሎኑን ይሞክረዋል። ዋሽተህ ከሆነ አንተን አያድርገኝ።»

ከማሉ ጋቢውን በአንድ እጁ ለማውለቅ ሲታገል ሀጀራ ሄዳ አገዘችው። ጠጋ ሲላት በጆሮዋ፣ በቤታቸው ቋንቋ፣ «ሁሉም እኔን ነው የሚያዩት» አላት። «አንቺ አትዪኝ። ሥራሽን ሥሪ።»

ገበያው በሙሉ ፊቱን ወደ ከማሉ አዞረ። ሀጀራ ከመኪናው ፊት ብቻዋን ቀረች። ብሎኑን ወደ ቦታው መልሳዋለች እንጂ አላጠበቀችውም፤ ወታደሩ ቢነካው ወዲያው ይዞርለታል። መፍቻውን አጠለቀች። እጀታውን የሚያስረዝመውን የብረት ቧንቧ ሰካችበት።

የመጀመሪያው ጅራፍ ሲያርፍ በሁለት እግሯ ቧንቧው ላይ ወጣች። ብሎኑ ሲጥ ሲጥ እያለ ትንሽ ጠበቀ። ዓይኗ በእንባ ተሞልቶ ምንም አይታያትም፤ ለዚህ ሥራ ደግሞ ማየት አያስፈልግም። ጅራፉ በጮኸ ቁጥር የብረቱ ሲጥታ አይሰማም። ስለዚህ ጅራፉን እየጠበቀች፣ ከእሱ ጋር አብራ እየረገጠች፣ ሃያውንም አንድ በአንድ ሰማች። አባቷ እስከ ዐሥራ ሁለተኛው ጅራፍ ድረስ አልጮኸም።

ወታደሩ መጥቶ ሲሞክር ወናፉ ጋ ተቀምጣ ነበር። ሰውየው ሳበ፤ እግሩን በመኪናው ግንባር ላይ ተክሎ እንደገና ሳበ፤ ተሳድቦ መፍቻውን ወረወረው።

ከማሉን አምጥተው በሆዱ አስተኙት። ውድነሽ የምትባል ጨው ሻጭ ውሃ ይዛ መጣች። ዋንጫውን ልትሰጠው እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው፤ በሀጀራ እፍኝ አፈሰሰችላት። ሀጀራ አባቷን በእፍኟ አጠጣችው።

«እንዴት ነው?» አላት፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«አልላላም፣ አባ።»

አሁን እውነቷን ነበር። ጥላዎቹ ገና አጫጭር ናቸው፤ ለዐስር ሶላት ብዙ ይቀራል። ፍሙን በጥቂቱ ቆሰቆሰች፤ ከዚያ ወናፉን አንሥታ ቀስ እያለች ማናፋት ጀመረች።