ሰባት ሥራ የሚሠራው ሰንጢ

ይርጋለም የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። ቤታቸው አንኮበር ውስጥ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በታች፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ነበር። አባቷ መሪጌታ ወልደአረጋይ ብራና ላይ መጻሕፍት የሚጽፉ ሰው ነበሩ። ይርጋለም እጇ ፈጣን፣ እግሯ ቀልጣፋ፣ ለሥራ የማትሰንፍ ልጅ ነበረች። አንድ ነገር ብቻ ነበረባት። ሰው ከመከራት ይልቅ የራሷን ሐሳብ ታምን ነበር። ከእናንተ መካከል እንዲህ ያለ ልጅ የለም፣ አይደል? ደግ፤ ከሌለ እንቀጥል።

ዘመኑ ጣሊያን አገራችንን የያዘበት፣ ፲፱፻፴ ዓ.ም. ነበር። ያን ጊዜ ሰው በሹክሹክታ ነበር የሚያወራው። ውሻ ሲጮኽ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ቤት ይጠሩ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን፣ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የሚመጣው የስልክ ሽቦ ተቆርጦ ተገኘ። ማን እንደቆረጠው አልታወቀም። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሁሉ ከፋ። ወታደሮች ቤት ለቤት እየገቡ ስለት ለቀሙ። መሪጌታ ብርዕ የሚቀርጹበትን ሰንጢም ወሰዱባቸው። ገበያ ላይም ነጋሪት ተጎሰመ። «ጉጠት ወይም ሽቦ መቁረጫ ይዞ የተገኘ ይሰቀላል!» ተባለ።

ብርዕ ካልተቀረጸ አይጽፍም። መሪጌታ ሁለት ሳምንት ሙሉ ብራናቸውን ዘርግተው እንዲሁ ተቀመጡ። በመጨረሻ ይርጋለምን ጠሯት።

«ይርጌ፣ ነገ ዙቤዳ ወደ አልዩ አምባ ስትመለስ አብረሻት ትወርጃለሽ። ከዓርብ ገበያ አንድ ዕቃ መርጠሽ ታመጪልኛለሽ።»

እትዬ ዙቤዳ የአልዩ አምባ ነጋዴ ነበሩ። በየሳምንቱ ጨው በአህያ ጭነው ወደ አንኮበር ይወጣሉ። ለመሪጌታም ቀለም የሚበጠብጡበትን ሙጫ ከቆላ ያመጡላቸዋል። እሳቸው እስላም፣ እነመሪጌታ ክርስቲያን ቢሆኑም፣ የቤቱ ሰው እንደ ዘመድ ነበር የሚያያቸው።

«ምን ዓይነት ዕቃ ነው፣ አባባ?» አለች ይርጋለም።

«በኪሴ የምይዘው፣ ሁልጊዜ ከእኔ የማይለይ። ሦስት ሥራ ከሠራልኝ ይበቃኛል። ብርዕ የምቀርጽበት ስለት፣ ብራና የምበሳበት ወስፌ፣ እሾህ የምነቅልበት ወረንጦ። ቀጥቃጮቹ ሦስቱን በአንድ ቀለበት አያይዘው ይሸጡታል። ስለቱ ከጥፍር አይበልጥም፤ ኬላ ላይ ማንም ነገሬ አይለውም። ዓይን አይሞላም፤ አንቺ ግን እሱን አምጪልኝ።»

«እሺ፣ አባባ።»

«ጉጠት ያለበት ነገር እንዳትነኪ! ሰማሽኝ?»

«ሰማሁ።»

ሐሙስ ዕለት ወረዱ። መንገዱ ላይ ኬላ ነበረ፤ ነገር ግን ወታደሮቹ ጥላ ስር ተጋድመው ስለነበር ማንም አልፈተሻቸውም። ይርጋለም ይህን ልብ አለች። «ኬላ የሚሉት ይኼ ነው እንዴ?» ብላ በልቧ ናቀችው።

ዓርብ ገበያው ሞላ። እትዬ ዙቤዳ ነጠላቸውን አስተካከሉና «ልጄ፣ የጁምዓ ሶላት ደርሷል። ሰግጄ እስክመጣ አባትሽ ያሉሽን ገዝተሽ ጠብቂኝ» ብለዋት ሄዱ።

ይርጋለም በቀጥታ ወደ ቀጥቃጩ ሄደች። ቀለበቱን አገኘችው። ስለቱን በጥፍሯ ሞከረችው፤ ይቆርጣል። ወረንጦውን ጨመቅ ለቀቅ አደረገችው፤ ጠጉር እንኳ ይይዛል። ደህና ዕቃ ነበር። ያን ጊዜ ከፍላ ብትሄድ ኖሮ እኔም ዛሬ የምነግራችሁ ታሪክ ባልነበረኝ።

ግን ከአጠገቡ አንድ ከሩቅ አገር የመጣ ነጋዴ ምንጣፍ ዘርግቶ ተቀምጧል። በእጁ የያዘው ነገር በፀሐዩ አብለጨለጨ። ይርጋለም ዞር አለች።

«ነይ፣ ነይ፣ ማየት በነጻ ነው» አለና ከታጠፈው ብረት ውስጥ አንድ በአንድ ይመዝ ጀመር። ትልቅ ስለት። ትንሽ ስለት። ወስፌ። መቀስ። መጋዝ። የቆርቆሮ መክፈቻ። በመጨረሻ እጀታውን ለሁለት ከፈተው፤ ጉጠት ሆነ።

«ሰባት ሥራ!» አለ። «የጎረቤቴ ቀለበት ስንት ይሠራል?»

«ሦስት።»

«ታዲያስ? ሰባት ከሦስት አይበልጥም?»

ይርጋለም መቁጠር ታውቃለች። ሰባት ከሦስት ይበልጣል። እንዲያውም ወረንጦ እንደሌለው እንኳ ልብ አላለችም። «አባባ ሲያዩት ይደነቃሉ። ጉጠቱም ሲታጠፍ አይታይም» ብላ አሰበች።

ነጋዴው ግን ጎንበስ ብሎ ድምፁን ቀነሰ። «በኬላ የምታልፊ ከሆነ አልሸጥልሽም። ጣጣ ነው።»

«ቤታችን እዚሁ ነው» አለች።

ዋሸች። ለዕቃው መግዣ የያዘችውን፣ እናቷ የፈተለችውን ሁለት የሱፍ ልቃቂት ሰጠችው፤ ሰንጢውንም በመቀነቷ ውስጥ ደበቀችው።

እትዬ ዙቤዳ ሰግደው መጡ። «ገዛሽ? የቀለበቱን ነው አይደል?»

«አዎ፣ እትዬ።»

አያችሁ ልጆች፣ ውሸት ብቻውን መሄድ አይወድም።

ዳገቱን ሲወጡ አህያዋ ከፊት፣ እትዬ ዙቤዳ ከኋላዋ፣ ይርጋለም ከሁሉም ኋላ ነበሩ። ኬላው ሲታያቸው እትዬ ዙቤዳ ቆም አሉ። ሰው ተሰልፏል። ወታደሮቹ ዛሬ አልተጋደሙም። የአንዱን ጥምጥም ይፈታሉ፣ የሌላውን ስልቻ ይዘረግፋሉ።

«ምን ተፈጠረ?» ብለው ከፊት ያለውን ሰው ጠየቁት።

«ሽቦው ትናንት ማታ እንደገና ተቆርጧል» አለ ሰውዬው ሳይዞር። «ዝም ብለሽ ቁሚ።»

ይርጋለምን ሰንጢው መቀነቷ ውስጥ እንደ ፍም ፈጃት። ገደል ልትወረውረው አሰበች፤ ከላይ አንድ ወታደር ጠብመንጃውን ይዞ ቁልቁል ያያል። ለእትዬ ዙቤዳ ልትናገር አሰበች፤ አፈረች። ሰልፉ አንድ እርምጃ ተጠጋ። እንደገና አንድ እርምጃ። እትዬ ዙቤዳ የአህያዋን ጭነት ሊያጠብቁ ወደዚያኛው ጎን ዞር ሲሉ፣ ይርጋለም ሰንጢውን አወጣችና በጨው ከረጢቱ አፍ አሾልካ ከተተችው።

ተራቸው ደረሰ። ወታደሩ የይርጋለምን መቀነት ፈተሸ፤ ምንም የለም። ቀጥሎ ሳንጃውን ከረጢቱ ውስጥ ሰካ። ብረት ከብረት ጋር ተጋጨ። ከረጢቱን ዘረገፈው። ከጨው ጋር ያ የሚያብለጨልጭ ነገር ወደቀ። ወታደሩ እጀታውን ለሁለት ሲከፍተው፣ የተሰለፈው ሰው ሁሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

የጣሊያኑ መኮንን ከድንኳኑ ወጣ። ከጎኑ አስተርጓሚው አቶ ኃይለ ገብርኤል ነበሩ፤ የአንኮበር ሰው ናቸው፣ ፊታቸው ሁልጊዜ የተጨነቀ ነው።

«ይህ የማን ነው? ይላል» አሉ አስተርጓሚው።

«ወላሂ አላውቀውም!» አሉ እትዬ ዙቤዳ። «እኔ ጨው ነጋዴ ነኝ፤ ጉጠት ለምኔ...»

በዚህ መካከል ዓይናቸው ይርጋለም ላይ ዐረፈ። ልጅቷ እንደ አመድ ነጥታለች። እትዬ ዙቤዳ ነገሩ ገባቸው።

«ልጅቷስ? ይላል።»

«የሌላ ሰው ልጅ ናት» አሉ ቀስ ብለው። «መንገድ አገናኝቶን ነው። ምንም አታውቅም፣ ልቀቋት።»

ወታደሮቹ የእትዬ ዙቤዳን እጅ በገመድ አሰሩት። አስተርጓሚው ይርጋለምን በትከሻዋ ገፋ አደረጓት። «ሂጂ!»

ሄደች። ልጆቼ፣ በሷ አትፍረዱ፤ የፈራን ሰው እግሩ ያድነዋል። እስከ መጀመሪያው ኩርባ ሮጠች። እዚያ ድንጋይ ስር ተደበቀች። ትንፋሿ መለስ ሲልላት ቁልቁል አየች። ኬላው አጠገብ ትልቅ ወይራ አለ። አንድ ወታደር ቅርንጫፉ ላይ ገመድ ሊጥል ይሞክራል። አንዴ ወረወረው፣ ተመለሰበት። እንደገና ወረወረው። እትዬ ዙቤዳ ከስር ተቀምጠዋል።

ይርጋለም ብትመለስ ምን እንደሚሆን ታውቃለች። ማን ላከሽ ይሏታል። አባቷንም ይይዛሉ። ባትመለስ ግን ማንም አይጠይቃትም። የሚያውቁት እግዚአብሔርና እትዬ ዙቤዳ ብቻ ናቸው። እትዬ ዙቤዳ ደግሞ አይናገሩም።

«አምላኬ ሆይ፣ እፈራለሁ» አለች። ሌላ ጸሎት አልመጣላትም።

ገመዱ ቅርንጫፉን ያዘ። ይርጋለም ተነሣች። ፍርሃቱ አልለቀቃትም፤ እየተንቀጠቀጠች ነው ቁልቁል የወረደችው።

አቶ ኃይለ ገብርኤል ሲያይዋት ደነገጡ። ፈጠን ብለው መንገዷን ዘጉባት። «ምን ልትሠሪ ተመለስሽ?»

«ሰንጢው የኔ ነው። ከረጢቱ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ።»

«ዝም በይ!» አሉ ጥርሳቸውን ነክሰው። «አንቺም አላልሽም፣ እኔም አልሰማሁም። እኔም እንዳንቺ ያለች ልጅ አለችኝ። ሂጂልኝ!»

መኮንኑ የሚሉትን አልሰማም፤ ቢሰማም አማርኛ አያውቅም። ይርጋለም በአስተርጓሚው ክንድ ስር ሾለከችና ፊቱ ቆመች። በጣቷ ሰንጢውን አመለከተች። ከዚያ ያንኑ ጣቷን በገዛ ደረቷ ላይ አደረገች። ይህን ደግሞ ማስተርጎም አያስፈልግም።

መኮንኑ ወደ እሷ ዞረ። ከዚያ ይጠይቃት ጀመር፤ አቶ ኃይለ ገብርኤልም በተሰበረ ድምፅ አስተረጎሙ።

«ከማን አመጣሽው?»

«ከገበያ ገዝቼ ነው። የሰውዬውን ስም አላውቅም።»

«ለምን?»

«አባቴ ብርዕ የሚቀርጹበት ግዢልኝ ብለው ነው። ጉጠት ያለበት እንዳትነኪ ብለውኝ ነበር። አልታዘዝኩም። እትዬ አያውቁም።»

መኮንኑ አንድ ነገር አዘዘ። ወታደር ሮጦ ከተቆረጠው የስልክ ሽቦ ቁራጭ አመጣ።

«ይህ ጉጠት ሽቦውን ከቆረጠ፣ ሽቦ ቆራጮቹ እናንተ ናችሁ ይላል» አሉ አስተርጓሚው፤ ላባቸው በጆሮ ግንዳቸው ይወርድ ነበር።

ከሁሉም የሚገዝፈው ወታደር ሽቦውን በጉጠቱ አፍ ውስጥ አስገባ። በሁለት እጁ ጨመቀ። ይርጋለም ገበያ ላይ «አባባ ሲያዩት ይደነቃሉ» ያለችለትን ነገር፣ አሁን «የማይረባ ይሁን፣ ጌታዬ፣ ምንም የማይረባ ይሁን» እያለች ጸለየችበት። ወታደሩ ፊቱ እስኪቀላ ጨመቀ። አንድ ነገር ቀጭ አለ። ይርጋለም ዓይኗን ጨፈነች።

ስትገልጠው ሽቦው እንዳለ ነበር። ትንሽ ከመሰርጎዱ በቀር ምንም አልሆነም። የተሰበረው ጉጠቱ ነው፤ አፉ ተገንጥሎ አቧራው ላይ ወድቋል። ወታደሮቹ ሳቁ። መኮንኑ አልሳቀም። ስባሪውን በጫማው ገፍቶ ገደል ጨመረው።

«ይህ ጉጠት አይባልም፣ ሂዱ ብሏል» አሉ አቶ ኃይለ ገብርኤል፤ ትንፋሽ አጥሯቸው። «አህያዋና ጨዉ ይቀራሉ። ቶሎ ሂዱ፣ ሐሳቡን ሳይለውጥ!»

ዳገቱን ወጡ። እትዬ ዙቤዳ ገመዱ የላጠውን እጃቸውን እያሹ ከፊት፣ ይርጋለም ከኋላ። ኬላው ከዓይን ሲሰወር ይርጋለም ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አነሣች። በማጅራቷ ላይ ተሸከመችው። ትልልቅ ሰዎች ለዕርቅ ሲያደርጉ እንዳየችው፣ እትዬ ዙቤዳ እግር ስር ተንበረከከች።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

እትዬ ዙቤዳ «ተነሽ» አላሉም። ዕንባቸው መጣ። «ያቺ አህያ ከውርንጭላነቷ ጀምሮ በእጄ ነው ያደገችው» አሉ። «ገመድም አሳየሽኝ፣ ልጄ። እስከዚያ ጥድ ድረስ ተሸከሚው። ከዚያ እናያለን።»

ይርጋለም ተሸከመችው። ዳገቱ ረጅም ነበር። አንገቷ ተላጠ፤ አላወረደችውም። ጥዱ ጋ ሲደርሱ እትዬ ዙቤዳ ድንጋዩን በገዛ እጃቸው አነሡላት።

«አላህ ይቅር ይበልሽ። እኔም ይቅር ብያለሁ» አሉ። ድንጋዩን ከመንገዱ ዳር ጣሉና ጨመሩ። «እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን እመለስ ነበር ወይ? ወላሂ፣ አላውቅም።»

ቤት ሲደርሱ ይርጋለም አንድም ሳታስቀር ለአባቷ ነገረቻቸው። መሪጌታም ሰምተው እንደጨረሱ ወጥተው የራሳቸውን አህያ ፈቱና ገመዷን በእትዬ ዙቤዳ እጅ አስጨበጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የቤታቸው አህያ ታመጣው የነበረውን ውኃና እንጨት ዓመቱን ሙሉ በጀርባዋ ያመላለሰችው ይርጋለም ናት። ማንም አላዘዛትም።

ልጆቼ፣ ጥፋታችሁን በሌላ ሰው ሸክም ውስጥ አትደብቁ፤ ደብቃችሁ ከሆነም፣ እየተንቀጠቀጣችሁም ቢሆን ተመልሳችሁ እውነቱን ተናገሩ።