ሚስባህ ዓይኑን አልጨፈነም

ወላሂ ይሄ በእኔው ላይ የደረሰ ነው። ማመኑን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

ታኅሣሥ 2014፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሩብ፣ መርሳ። ታጣቂዎቹ ወጥተው መንገዱ በተከፈተ በሳምንቱ ከደብረ ብርሃን የተፈናቃዮች መጠለያ ተመለስኩ። ባለቤቴ ሚስባህ ቤታችን እንዳይዘረፍ ብሎ ቀርቶ ነበር። አራት ወር ሙሉ ድምፁን አልሰማሁም።

በሩ አልተቆለፈም...

ውስጥ ማንም የለም። ወለሉ ላይ ያነጠፍነው፣ እንደ ዳማ ገበታ ቀይና ነጭ የሆነው ፕላስቲክ አቧራ ለብሷል። ከአልጋው አጠገብ ግን ንጹሕ ነው። እዚያ ጋ ትንሽ ከፍ ብሏል።

ልረግጠው እግሬን አነሳሁ።

«ቡርቱ... አትርገጪኝ።»

የሚስባህ ድምፅ ነው። በሹክሹክታ።

«የት ነህ?»

«እዚሁ። ሄዱ?»

«ሄደዋል። በአላህ ተነስ።»

«አልችልም... ያ ዓሣ ትዝ ይልሻል?»

እንዴት አይለኝም። ሚስባህ የባዮሎጂ መምህር ነው። ራት በቀረበ ቁጥር ስለ አንድ ጠፍጣፋ የባሕር ዓሣ ያወራልኝ ነበር። የተኛበትን መሬት በዓይኑ ያያል፣ ቆዳው ያንኑ መልክ ይይዛል። አሸዋ ላይ አሸዋ፣ ጠጠር ላይ ጠጠር ይመስላል። ዓይኑ ከተሸፈነ ግን አይሆንለትም። እኔ «ደግሞ ጀመረህ» እያልኩ እስቅበት ነበር።

«በሩ በተንኳኳ ቁጥር እዚህ እጋደማለሁ... ወለሉን እያየሁ። አንድ ቀን ገብተው በላዬ አለፉ። አላዩኝም።»

«በል አሁን ዓይንህን ጨፍን። እኔ አለሁ።»

ጨፈነ። ከዚያ ቀዩና ነጩ መሃል ጣቶች ታዩኝ... ክንድ... ግማሽ ጉንጭ። እንባዬ መጣ።

ውጭ የጭነት መኪና እያጓራ አለፈ።

ዓይኑን ገለጠ። ጉንጩ ጠፋ።

«ፈራሁ» አለኝ። «ብቻዬን መሆን ሰለቸኝ፣ ቡርቱ።»

እኔም ሰልችቶኝ ነበር። መጠለያው ውስጥ ያ ሁሉ ሰው እያለ ብቻዬን ነው የከረምኩት። ሻርፔን አውልቄ አጠገቡ ዝርግ ብዬ ተኛሁ። እሱ ወደሚያይበት ወለል አየሁ። እጁ እጄን ያዘ... ይሞቃል።

ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም።

በሩ ተከፈተ። አብራኝ የተመለሰችው ጎረቤቴ የሺ ነች።

«ቡርቱካን?»

አቤት ልላት አፌን ከፈትኩ። ሚስባህ እጄን ጨመቀው።

የሺ መጥታ ፊቴ ቆመች። ቁልቁል አየችኝ። ጫማዋ ከአፍንጫዬ አንድ ስንዝር አይርቅም።

«እዚህም የለችም» አለች፣ ውጭ ለቆመ ሰው።

ወጣችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።