ሁለተኛው መስመር በባቡሩ ድልድይ

ሙቲንታ በዛምቢያ፣ በንዶላ ከተማ፣ ለደም ባንኩ ሰርቨሮቹን ስትዘረጋ ለራሷ ምላ ነበር፤ ምንም ቢሰበር ሥራው አይቆምም። አራቱን ማሽኖች ለሁለት ሕንፃዎች አካፈለቻቸው፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ወዲያው ይረከባል። የቀሯት ከወንዙ ማዶ ካሉት ሆስፒታሎች ጋር የሚያገናኙት ሁለት የኬብል መስመሮች ነበሩ፤ አንዱ ቢቆረጥ ሌላው እንዲሠራ በተለያየ መንገድ መሄድ አለባቸው።

ካርታውን ይዞ የመጣው ሲታሊ የሚባል የመስመር ዘርጊው ድርጅት ቀያሽ ነው።

«ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ አለ?» አለችው ገና ሳይቀመጥ።

«የትም!»

«እርግጠኛ ነህ?»

«የቶንጋ ልጅ ነሽ መሰለኝ፤ እናንተ ከበሬ በቀር የምታምኑት የለም።»

«ከእናንተ ከሎዚዎቹማ በሬ ይሻላል!» ቶንጋና ሎዚ እንዲህ መቀላለድ የቆየ ወጋቸው ነው።

ስቃ ቀና ስትል ዓይኑ እሷ ላይ ነበር። ቶሎም አላነሳው።

ከዚያ ወዲህ ንሺማቸውን፣ የበቆሎ ገንፏቸውን፣ ከአንድ ሳህን መብላት ጀመሩ። ወሬያቸው ሲያልቅም ቶሎ አይለያዩም ነበር።

በአራተኛው ወር፣ አንድ ቅዳሜ፣ ሙቲንታ ካርታውን ይዛ መስመሮቹን በእግሯ ተከተለች። ታችኛው ድልድይ ስትደርስ ክው አለች። ሁለቱም ከድልድዩ ሥር በአንድ ቱቦ ገብተው አብረው ይሻገራሉ።

«ዋሸኸኝ» አለችው በስልክ።

«አልዋሸሁም። ካርታውን ከቢሮ ሰጡኝ፤ ቦታውን ሳላይ ፈረምኩ።»

«ደሟ ለሚፈስ እናት ልዩነቱ ምንድን ነው?»

ስልኩን ዘጋችው።

ሰኞ ጠዋት ሲታሊ አለቃው ፊት ቆመ። «ካርታው ጸድቋል፤ አፍህን ዝጋ!» ተባለ። አልዘጋም። «ፊርማዬ ስሕተት ነበር» ብሎ ለደም ባንኩ ደብዳቤ ጻፈ። ድርጅቱ ሳይወድ በግዱ ሁለተኛውን መስመር ወደ ላይ፣ ወደ ባቡሩ ድልድይ ሊያዞር ተስማማ፤ ሲታሊን ግን ከቀያሽነት አውርዶ ከቆፋሪዎች ጋር መደበው።

ሙቲንታ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ልቧ ራራ። ቢሆንም አልደወለችለትም።

የካቲት ላይ ጎርፉ መጣ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ታችኛው ድልድይ ተገነደሰ። ሙቲንታ ፊት ባለው ስክሪን ላይ የአንደኛው መስመር ምልክት ቀላ። ሁለተኛው አረንጓዴ እንደሆነ ቀረ።

ወዲያው ከማዶ ጥያቄ ገባ፤ ወላድ ናት፣ ደሟ ኦ ኔጌቲቭ፣ አሁኑኑ! ማሽኖቹ ፈልገው ደሙን እዚያው ማዶ፣ አንድ የሚሲዮን ክሊኒክ ውስጥ አገኙት። አመሻሽ ላይ ሐኪሙ ደወለ።

«እናትም ልጅም ተርፈዋል።»

ሙቲንታ ዣንጥላዋን እንኳ ሳትይዝ ወጣች። ሲታሊ የባቡሩ ድልድይ ላይ ዝናብ እየወረደበት የመስመሩን ማሰሪያ ያጠብቅ ነበር።

«ይዟል?» አለ ገና ሲያያት።

«ይዟል።»

ከሥራቸው ወንዙ ያገሳል።

«እሁድ አባቴ ጋ እንሄዳለን» አለች።

«አባትሽ ጋ? ምን ልበላቸው?»

«ሳላይ ፈረምኩ በላቸው። ቀጥለህ ያደረግከውን ንገራቸው። የቀረውን፣ የእኔንና የአንተን ነገር፣ እኔ እናገራለሁ።»

ሲታሊ የጨቀየ እጁን ሱሪው ላይ ሊጠርግ ሲል፣ ቀድማ ከነጭቃው ያዘችው።