ለቀብር ስንቸኩል

ካዛንቺስ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ግርማይ የሚባል ሾፌር ነበር። አሁንም አለ፤ «ነበር» ያልኩት ለወጉ ነው። ነገሩ የሆነው በ2007 ዓ.ም. ሲሆን ያኔ ግርማይ ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው። ከዚህ ውስጥ ሃያ ሁለቱን ያሳለፈው መሪ ጨብጦ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ሰው ገጭቶ አያውቅም፤ ይህንንም ማንም ሳይጠይቀው ይናገራል። ባልደረቦቹ «ካፒቴን» ይሉታል። ስሙ የወጣለት አንድ ቀን የመሥሪያ ቤቱን ኃላፊ ከካዛንቺስ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በዘጠኝ ደቂቃ ስላደረሰ ነው ይባላል። እኔ በበኩሌ ዘጠኙን ደቂቃ አላመንኩም። እሱ ግን ስሙን ወዶታል፤ ሲጠሩት ትከሻው ከፍ ይላል።

ከዚያ በፊት በፍጥነት ሦስት ጊዜ ተከሷል። ሦስቱንም ጊዜ ለራሱ ጉዳይ አልቸኮለም። አንዴ አውሮፕላን ሊያመልጠው ለደረሰ እንግዳ፣ አንዴ ሰነድ ለማድረስ፣ አንዴ ደግሞ ልጇ ትምህርት ቤት ታማባት ለተጨነቀች ባልደረባ ሲል ነው። «እኔ ለሰው ብዬ ነው» ይላል ሲጠየቅ። እውነቱን ነው። ሰዎቹም የሚወዱት ለዚሁ ነው፤ ስለሚወዱትም «ተው» ያለው አንድም አልነበረም።

ታዲያ አንድ ማክሰኞ የሒሳብ ክፍሉ የደቻሳ አባት ማረፋቸው ተሰማ። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገርጂ ጊዮርጊስ ነው ተባለ። የከተማችን ሰው ሠርግ ቢቀር ሰበብ አያጣም። ቀብር የቀረ ግን መግቢያ የለውም፤ ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን ሙሉ ቢቀመጥ እንኳ «ቀብሩ ላይ አላየሁህም» የምትለዋ ቃል ትጠብቀዋለች። ስለዚህ ሃያ አንድ ሰው ግርማይ በሚነዳው የመሥሪያ ቤቱ ሰርቪስ ለመሄድ ተመዘገበ።

መነሻው ስምንት ሰዓት ነበር። አንዷ ጥቁር ነጠላዋን ለማምጣት ለገሃር ደርሳ ልትመለስ ሄደች። ሌላው አንድ ደብዳቤ ሳላስፈርም አልወጣም አለ። የስምሪት ኃላፊው አቶ ገለታ ደግሞ ስብሰባ ላይ ቆዩ። ሰርቪሱ ከግቢ ሲወጣ ስምንት ሰዓት ከአርባ ሆኗል። እንግዲህ ሃያ አንድ ሰው ተረዳድቶ ያባከነውን አርባ ደቂቃ አንድ ሾፌር ከመንገድ ላይ እንዲያመጣ ተፈረደበት።

«ካፒቴን፣ ንዳው እንጂ!» አለ ከኋላ አንዱ።

«ሰውዬው እኛ ሳንደርስ አፈር ሊለብሱ ነው እኮ!» አለች ሌላዋ።

ወይዘሮ ጀማነሽ ከሾፌሩ ጀርባ ተቀምጠዋል። በመሥሪያ ቤቱ ሠላሳ ዓመት የሠሩ ጸሐፊ ናቸው፤ እንደ እናት የሚታዩ፣ ቃላቸው የሚሰማ። እሳቸውም ሰዓታቸውን አዩና፣ «ግርማይ፣ ግራውን ያዝና እለፈው፤ ይሄ ታክሲ መቼም አይንቀሳቀስ!» አሉ።

ግርማይ ማርሽ ቀየረና ታክሲውን አለፈው። ወደ ኡራኤል የሚወስደው መንገድ ለአፍታ ገለል ሲልለት ነዳጁን ረገጠ። ሰርቪሱ ውስጥ እፎይታ ሆነ። አንድ ሁለት መቶ ሜትር ያህል እንደሄዱ ፊሽካ ተነፋ።

ያስቆመችው የትራፊክ ፖሊስ ሳጅን ሜቲ የምትባል ወጣት ናት። በመስኮቱ በኩል ራዳሩን አሳየችው። ሰባ ስምንት ይላል።

«መንጃ ፈቃድ» አለች።

ይሄኔ ሰርቪሱ በሙሉ ተነሣ። «ልጄ፣ ቀብር ላይ ነን!» «ለሬሳው ስትይ ልቀቂን!» «በቃ ተመክሯል፣ አይደግመውም!» ሳጅን ሜቲ ሁሉንም አስጨርሳ ሰማች። ከዚያ ግርማይን ብቻ እያየች ጠየቀችው።

«ዜብራው ላይ የነበሩትን ሴትዮ አይተዋቸዋል?»

«የቷን ሴትዮ?»

«ወደ ኋላ የዘለሉትን። አሁን ያለፉትን ዜብራ ነው የምልዎት።»

ግርማይ በመስታወቱ ወደ ኋላ ተመለከተ። ሴትዮ የሚባል የለም። ወደ ተሳፋሪዎቹ ዞረ። ሃያ አንድ ሰው፣ አርባ ሁለት ዓይን፤ ያየ አልነበረም። ሁሉም ሰዓቱን ሲያይ ነበር።

መንጃ ፈቃዱ ተያዘ፣ ክሱም ተጻፈ። ገርጂ ሲደርሱ ቀብሩ አልቆ ሰው ከመቃብሩ እየተመለሰ አገኙት።

በማግስቱ አቶ ገለታ ግርማይን ቢሯቸው ጠርተው ነገሩን አስረዱት። የቀድሞዎቹ ጥፋቶች ነጥብ ከአሁኑ ጋር ሲደመር መንጃ ፈቃዱን ለስድስት ወር ሊያሳግደው ይችላል። ጉዳዩ የሚታየው በሚመጣው ሳምንት ዓርብ ነው። ፈቃዱ ከታገደ ደግሞ በሾፌርነት የተቀጠረ ሰው ያለ ፈቃድ በመደቡ አይቆይም። ግርማይ ከመንዳት ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም።

«አይዞህ፣ ሜዳ ላይ አንጥልህም» አሉ አቶ ገለታ። «ደብዳቤ እንጽፋለን። በመንገድ ላይ ሰው ታሞ ነበር፣ ሕይወት ለማትረፍ ሲል ነው የፈጠነ እንላለን። ማህተም ያለበት ደብዳቤ ነው፤ ማን ይጠይቃል?»

«ማን ታመመ እንበል?»

«እኔ ልታመማ» አሉ ደብዳቤውን ሊጽፉ የተጠሩት ወይዘሮ ጀማነሽ። «ደም ግፊት እንደሁ አለብኝ። ለአንተ የማልሆነው ነገር አለ እንዴ?»

ተጻፈ። ወይዘሮ ጀማነሽ ራሳቸውን መሳታቸውን በገዛ እጃቸው ታይፕ አደረጉ። ስድስት ምስክሮች ፈረሙ፣ ማህተም ተመታ። መውጫው ላይ እየሳቁ፣ «ራሴን ስቼ ግራውን ያዝ ስልህ እንደነበር ለማንም እንዳትናገር» አሉት። ግርማይም ሳቀ። እንዲህ የሚወደድ ሰው ምን ይሆናል ብሎ ልቡ ሞላ። ደብዳቤውን አጥፎ በደረት ኪሱ ከተተው። ለባለቤቱ ለመብርሂት ግን ስለ ነገሩ ትንፍሽ አላለም፤ ለምን እንዳልነገራት ራሱም አላወቀውም።

ጉዳዩ እስኪወሰን መሪ እንዳይነካ ስለተባለ ግርማይ ለጊዜው መልእክት አድራሽ ሆነ። ሰኞ ጠዋት ኡራኤል አካባቢ ላለ አንድ ቢሮ ፖስታ እንዲያደርስ ተላከ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ያንን መንገድ በእግሩ ሲሄድ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ሳያስበው ያው ዜብራ ጋ ደረሰ።

ዜብራ ነው ብሎ እግሩን አስገባ። አንድ የቤት መኪና ጥሩምባውን እያጮኸ በአፍንጫው ሥር አለፈ። ግርማይ ተመለሰ። ደግሞ ሞከረ፤ አሁን ታክሲ ነው። በሦስተኛው ደሙ ፈላና «ሰው አታይም እንዴ፣ ደንቆሮ!» ብሎ ጮኸ። ሾፌሩ መስኮቱን እንኳ አላወረደም።

«መጮኹ አይጠቅምም፣ ልጄ» አሉ አጠገቡ የቆሙ ሴት። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ አንድ እግራቸውን ትንሽ የሚጎትቱ፣ ፌስታል የያዙ ናቸው። «ዓይናቸውን እየው። ካየኸው ያይሃል። ስልክ የሚያወራ ከሆነ እለፍ ቢልህም አትግባ።»

«እርስዎ በዚህ ዘወትር ይሻገራሉ?»

«በቀን አራት ጊዜ። ማዶ ያለው ክሊኒክ ጽዳት ነኝ። ምንዳዬ እባላለሁ፤ እዚህ መቆሚያ ላይ ያልለመደኝ የለም።» ፈገግ አሉ። «ባለፈው ማክሰኞ ግን አልቆልኝ ነበር። አንድ ሰርቪስ፣ ነጭ፣ እንደ ንፋስ መጣብኝ። ወደ ኋላ ስዘል አንዱ ጫማዬ እዚያው ቀረ። ይሄ እግሬ ከዚያ ወዲህ ነው የሚያመኝ።»

ግርማይ ወደሚጎትቱት እግራቸው ተመለከተ።

«ተራግመዋል?» አለ በቀስታ።

«ኧረ በስመ አብ! በመስኮቱ ሳይ ሴቶቹ ጥቁር ነጠላ ለብሰዋል። ሐዘን ላይ ናቸው፣ ሾፌሩም የቅርብ ሰው ሞቶበት ይሆናል ብዬ እግዜር ያጽናችሁ አልኳቸው። ሐዘንተኛ ይራገማሉ እንዴ?»

ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ስድብ ለምዷል፣ መልስም አለው። ይሄን ግን የት ያስቀምጠው? እኒህ ሴት በአንድ እግር ጫማ መንገድ ዳር ቆመው እሱን ሲያጽናኑ፣ እሱ ሴትዮዋ መኖራቸውን እንኳ አላየም። ለሰው ብዬ ነው ሲል የኖረው ሰው፣ ሰው ብሎ የቆጠረው መኪናው ውስጥ ያለውን ብቻ ኖሯል። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ አላፈረበትም።

«ወይዘሮ ምንዳዬ፣» አለ፣ «ሾፌሩ እኔ ነኝ። የሞተብኝም ሰው አልነበረም። አርፍደን ነው።»

ሴትዮዋ ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት።  

«አርፍዳችሁ?» አሉ። «ለእሱ ነው?» ፌስታላቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ። «በል እንግዲያው ዛሬ አንተ አሻግረኝ።»

ክንዳቸውን ያዘ። እጁን ለመኪኖቹ ዘርግቶ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየ አሻገራቸው። ማዶ ሲደርሱ «ይቅር ይበሉኝ» አለ። «እኔስ ይቅር ብያለሁ» አሉ፣ «ነገ የሚሻገረውን ሰው ግን እኔ አላውቀውም»። እግራቸውን እየጎተቱ ወደ ክሊኒኩ ገቡ።

የዚያኑ ዕለት ግርማይ አቶ ገለታ ጠረጴዛ ላይ ደብዳቤውን አኖረ።

«አልወስደውም።»

«ምን ሆነሃል? ስድስት ወር ማለት ምን ማለት እንደሆነ ገብቶሃል? ለሰው ብለህ ነው እኮ የተያዝከው!»

«ዜብራው ላይ የነበሩት ሴት ሰው አይደሉም?» አለ ግርማይ። «አግኝቻቸዋለሁ። በእግራቸው ያነክሳሉ። እኔ በዚህ ደብዳቤ ካመለጥኩ፣ በሚቀጥለው ሰኞ ተነሥቼ በዚያው መንገድ በሰባ ስምንት እነዳለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ፣ አቶ ገለታ። እስከ ዛሬ ሦስት ጊዜ እንደዛው አድርጌያለሁ።»

«ሥራህስ?»

«ሌላ ሥራ እንደ ማንም ሰው እጠይቃለሁ። ከሰጣችሁኝ እሠራለሁ።»

አቶ ገለታ ብዙ ተናገሩ፤ ግርማይ አልተነቃነቀም። ወይዘሮ ጀማነሽ ታይፑን ትተው ቆመው ይሰሙ ነበር። ስለ ሴትዮዋ እግር ሲነሣ ፊታቸው ተለዋወጠ። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው መጡና፣ የሐሰት ሕመማቸው የተጻፈበትን ወረቀት አንስተው ለሁለት ቀደዱት።

ያን ምሽት ግርማይ ለመብርሂት ሁሉንም ነገራት። እሷም «ሰውዬ፣ እኔ የፈራሁት ፖሊስ ደውሎ ሌላ ነገር የሚነግረኝን ቀን ነበር» አለችው። ለካ ዓመታት በፍርሃት ኖራለች።

ዓርብ ጠዋት ግርማይ የነጥቡ ጉዳይ ወደሚታይበት ቢሮ ሲገባ ብቻውን አልነበረም። ወይዘሮ ጀማነሽ ፈቃድ ወስደው ተከትለውታል። ኃላፊው መዝገቡን አገላብጠው የሚለው ነገር ካለ ጠየቁት።

«ፈጥኛለሁ» አለ ግርማይ። «ዜብራ ላይ የነበሩ ሴት አላየሁም። አስቸኳይ ነገር አልነበረም። የሚወሰነውን እቀበላለሁ።»

ኃላፊው ብዕራቸውን አስቀመጡ። እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ የታመመ ሰው ጭኜ ነበር ባይ ነው፤ እንዲህ ያለ አልሰሙም። ሆኖም ነጥቡ ነጥብ ነውና ስድስት ወር ታገደ፤ ሥልጠና እንዲወስድም ታዘዘ። ግርማይ ፈረመ። 

ይሄኔ ወይዘሮ ጀማነሽ ብድግ አሉ።

«ጌታዬ፣ ግራውን ይዘህ እለፈው ያልኩት እኔ ነኝ። አርፍደን የወጣነውም እኛው ተሳፋሪዎቹ ነን። የእኔን ነጥብ የት ነው የምትጽፉት?»

«እናቴ፣ ለተሳፋሪ የሚያዝ ነጥብ የለንም።»

«እንግዲያው ጎደሎ ነው መዝገባችሁ» አሉና ተቀመጡ።

ግርማይ ከሥራው አልተባረረም። ስድስቱን ወር የስምሪት ክፍል ረዳት ሆኖ ቆየ። የመጀመሪያ ሥራው የሰርቪሱን መነሻ ሰዓት ማስከበር ነበር፤ በሰዓቱ ያልመጣ ሰው፣ አቶ ገለታም ቢሆኑ፣ በታክሲ እንዲሄድ አደረገ። አንድ ሁለቱ አኮረፉት። ግድ አልሰጠውም።

ወገኖቼ፣ ይህን የጻፍኩት ለሾፌሮች ብቻ አይደለም። ሾፌሩን ሕግ ያገኘዋል፤ ራዳር አለ፣ ነጥብ አለ፣ እገዳ አለ። እኛ ከኋላ ተቀምጠን «ንዳው» የምንለውን ግን የሚያገኘን የለም። አርፍደን እንወጣለን፣ ያረፈድነውን በሰው እግር ላይ እናካክሳለን፣ ሾፌሩ ሲያዝ ደግሞ ደብዳቤ እንጽፋለን። ፍቅር መስሎን ነው። ሾፌርን መውደድ ቀደም ብሎ ከቤት መውጣት ነው፤ አርፍደንም ከሆነ «ቀስ በል፣ ደርሰን እናለቅሳለን» ማለት ነው። ያለፈን ቀብር ይቅርታ ጠይቀን ለቅሶ ቤት እንደርስበታለን። ወይዘሮ ምንዳዬ ያን ማክሰኞ ባይዘሉ ኖሮ ግን፣ እኛ ማንን ይቅርታ እንጠይቅ ነበር?