የአውራ ጣት ጫጩቶች

«ውሃ መጠጣት እችላለሁ?»

እታለም እጇ ዱቄት በዱቄት እንደሆነ ዞረች። ወንድሟ ጫማውን አውልቆ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሟል። ስድስት ዓመት ተኩል የሆነው ልጅ በገዛ ቤቱ ውሃ ለመጠጣት ፈቃድ እየጠየቀ ነው። ድሮ ቢሆን ወንበር ጎትቶ፣ ብርጭቆ አንኳኩቶ፣ ግማሹን መሬት ላይ አፍስሶ ነበር የሚጠጣው።

«ምን ትጠይቃለህ ድንቼ? ቀድተህ ጠጣ እንጂ!»

«ብርጭቆው የት ነው?»

«የድሮው ቦታ ነዋ።»

ልጁ መደርደሪያዎቹን አንድ በአንድ ተመለከታቸው። የድሮው ቦታ የቱ እንደሆነ ጠፍቶታል። እታለም ራሷ ከላይኛው መደርደሪያ ብርጭቆ አውርዳ ቀድታ ሰጠችው። «አመሰግናለሁ» ብሎ በሁለት እጁ ይዞ ጠጣ፤ ሲጨርስም ብርጭቆውን አጠበው። ሌላ ሰው ቢያየው «ይሄን ልጅ ያሳደገው ይባረክ» ይል ነበር። እታለም ግን እንግዳ ያስተናገደች መሰላት።

አሥራ አራት ዓመቷ ነው። እሱ አፉን ሲፈታ «እታለም» ብሎ ስለጠራት እናቷም ጎረቤቱም በዚያው ቀሩ። እሷም በፈንታዋ፣ ገና ሲወለድ ክብ ስለነበር «ድንቼ» አለችው። ወላጆቻቸው ከተለያዩ ሦስት ዓመት ሊሞላቸው ነው። እናታቸው ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ትሠራለች። አባታቸው ሌላ ከተማ ሄዶ ጋራዥ ከፈተ፣ ሚስትም አገባ። ሚስትየው ቀኑን ሙሉ ቤት ስለምትውል «ትንሹ ለጊዜው እነሱ ጋ ይሁን» ተባለ። ያቺ «ለጊዜው» የተባለችው ቃል ይኸው ሁለት ዓመት ሞላት። እታለም «መቼ ነው የሚመለሰው?» ባለች ቁጥር እናቷ «የሥራ ሰዓቴ ይስተካከል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ትላታለች።

በመሠረቱ ፋሲካ ያለፈው እሑድ ነበር። ድንቼ በዓሉን እዚያ ስላሳለፈ እናትና ልጅ ተማክረው የራሳቸውን ፋሲካ ወደዚህ ቅዳሜ አሸጋገሩት። አባቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አድርሶታል፤ አሥር ሰዓት ላይ ይወስደዋል። ከክረምት ወዲህ ሲተያዩ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። እናታቸው ደግሞ አለቃዋን ለምና ለምና የተፈቀደላት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ብቻ ነው።

ስለዚህ እታለም ለዚህች ቀን ሁለት ሳምንት ሙሉ ተዘጋጅታለች። የደብተሯ የመጨረሻ ገጽ ላይ «ከትናንሽ ልጆች ጋር የሚሠሩ ቀላል የፋሲካ ሥራዎች» ብላ ጽፋ ከሥሩ ሥዕሎች ገልብጣለች። የእንቁላል ካርቶን፣ ጥጥ፣ ቢጫ ወረቀት፣ ሙጫ አጠራቅማለች። የክፍል ጓደኛዋ ይህን ስታይ «አንቺ ደግሞ አካበድሽው! ልጅ እኮ ስልክ ከሰጠሽው ይበቃዋል» ብላ ስቃባታለች።

መጀመሪያ የጥጡን ጫጩት አቀረበችለት።

«ይሄን ኬጂ እያለን ሠርተነዋል» አለ፤ ወዲያው ደግሞ እንዳይከፋት ብሎ «ግን አሪፍ ነው» ሲል ጨመረበት።

ቀጥሎ ከወረቀት የተቆረጠ የጥንቸል ጆሮ አደረገችለት። ለመታወቂያ ፎቶ እንደተቀመጠ ሰው ቀጥ ብሎ ተቀመጠላት። ጆሮው ለጭንቅላቱ ጠቦ ግንባሩ ላይ መስመር አወጣበት፤ እሱ ግን አውልቂልኝ አላለም። እታለም ያን ጊዜ ገባት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስትዘጋጅ የከረመችው ለአራት ዓመት ልጅ ነው። ያ ልጅ ደግሞ የለም።

«ብስኩት እንጋግር?» አለች ተስፋ በቆረጠ ድምፅ። «እንቁላሉን ግን አንሰብረውም። በመርፌ በስተን፣ በአፋችን ነው ነፍተን የምናወጣው።»

«በአፍ?» የልጁ ዓይን በራ። «አይቻልም!»

«ይቻላል። ና እስቲ።»

ከላይና ከታች በመርፌ በሳችለት። ድንቼ ጎድጓዳ ሳህኑ ላይ አጎንብሶ፣ ጉንጮቹን እንደ ኳስ ወጥሮ ነፋ። ምንም የለም። ፊቱ እስኪቀላ ደግሞ ነፋ። እታለም ምን እንደያዘው ለማየት ከሥር ጎንበስ ስትል አስኳሉ ፒጭ ብሎ አፍንጫዋ ላይ አረፈ።

ልጁ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ያ የድሮው፣ እንደ አሮጌ ሞተር እየተቆራረጠ የሚነሳው ሳቅ። እታለም አፍንጫዋን ሳትጠርግ ቆማ ሰማችው። ቢሆንላት ቀኑን ሙሉ አስኳል ይዛ በዋለች።

ሁለተኛውን እንቁላል ሲይዝ ግን እጁ ውስጥ ተሰበረ። ሳቁ ቀጥ አለ።

«ይቅርታ። ይቅርታ እታለም፣ አውቄ አይደለም። ይቅርታ።»

«ኧረ ድንቼ! እንቁላል እኮ ነው፤ የመኪና መስታወት አይደለም።»

የእንቁላሉን ስባሪ ለቅመው ሊጡን አቦኩ፣ በብርጭቆ አፍ ክብ ክብ አድርገው ቆረጡ፣ እያንዳንዱን በጣታቸው ቆንጠር አድርገው መንቆር አወጡለት። ብስኩቱ ምድጃ ውስጥ ሲገባ እታለም ወደ መኝታ ቤት ሄዳ ከካልሲዎቿ መሳቢያ ውስጥ አንዲት ትንሽ ካርቶን ይዛ ተመለሰች። ለዚህ ቀን ያቆየችው ትልቁ ነገር ይህ ነበር።

ካርቶኑ ውስጥ በጥጥ የተጠቀለለ ባዶ እንቁላል አለ። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ አራቱም እዚህ ቤት ሳሉ፣ ለፋሲካ የሠሩት ነው። እያንዳንዳቸው አውራ ጣታቸውን ቢጫ ቀለም ነክረው ቅርፊቱ ላይ አተሙ፤ ከዚያ በእስክሪብቶ ዓይን፣ መንቆርና እግር ሲጨመርበት የጣቱ አሻራ ጫጩት ሆነ። ትልቁና በመሐሉ ጠባሳ የሚያልፍበት የአባታቸው ነው። በመርፌ የተበሳሳው የእናታቸው። ትንሿና የተጨማለቀችው ደግሞ የድንቼ፤ የቀረችው የራሷ። አራቱ አንድ ላይ ያሉበት ቦታ ከዚህ ቅርፊት ሌላ የለም። እታለም ሲናፍቋት በሩን ዘግታ ታየዋለች፤ ለእናቷ እንኳ አሳይታ አታውቅም።

«ታስታውሳለህ?»

ልጁ አውራ ጣቱን በትንሿ ጫጩት ላይ አሳረፈ። ጣቱ ጫጩቷን ሙሉ በሙሉ ሸፈናት።

«አላስታውስም» አለ በሐቅ። «ግን እንደዚህ ዓይነት መሥራት እፈልጋለሁ!»

እታለም ያልተሰበረውን ቅርፊት አጥባ አደረቀችለት፣ የቢጫ ቀለሙን ብልቃጥ ከፈተች። ድንቼ ምላሱን አውጥቶ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ አውራ ጣቱን አተመ። መንቆሩን ራሱ ሣለው። እግሩን ሦስት አደረገለት።

«አሁን አንቺ ታትሚያለሽ» አለ፤ ባዶውን ቦታ እያዞረ። «ከዚያ እማዬ ስትመጣ። ከዚያ ቤት ስሄድ አባዬ። ከዚያ ደግሞ እትዬ። አምስት! ቦታው ይበቃናል?»

«እትዬ» የሚላት የአባቱን ሚስት ነው። እታለምን ግን ከእትዬ በፊት ያስከፋት «ቤት ስሄድ» የምትለዋ ቃል ናት። ይሄስ ምንድን ነው ታዲያ? ሆቴል? እንቁላሉ እዚያ ሊሄድ ነው፤ ያቺ ሴት የእነሱ ጫጩቶች መሐል ጣቷን ልታሳርፍ ነው።

«መጀመሪያ እጅህን ታጠብ» አለችው።

ታጥቦ ሲመለስ ጠረጴዛው ላይ ብልቃጥ አልነበረም።

«ቀለሙ አልቋል» አለች እታለም።

«አልቋል?»

«አልቋል።»

ከግማሽ በላይ የሞላው ብልቃጥ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ነበር። አሁን ይጀምራል ብላ ጠበቀች። ድሮ «አልቋል» ሲባል ሆዱ ላይ ይተኛና እግሩን እያወራጨ፣ ጎረቤት «ልጁን ምን አደረጋችሁት?» ብሎ እስኪመጣ ያለቅስ ነበር። እንዲያለቅስም ፈለገች። ቢጮህባት፣ ቢመታት፣ «ውሸታም!» ቢላት ወዲያው አውጥታ በሰጠችው ነበር።

«እሺ» አለ ልጁ።

በቃ፣ እሺ ብቻ። እንቁላሉ እንዳይንከባለል የጠርሙስ ክዳን ላይ አስቀመጠውና «ችግር የለም» ብሎ እሷኑ አጽናናት።

እታለም ብስኩቱን ለማየት ተነሳች። የምድጃውን በር ከፍታ ለምን እንደከፈተችው ረስታ ቆመች። ይህን «እሺ» ታውቀዋለች። እናቷ ስለ እንቁላል እግር በነገረቻት ቁጥር እሷም የምትመልሰው ይህንኑ ነው። ልጁ ይህን ቃል እዚያ ቤት አልተማረውም፤ «ለጊዜው» ብለው በጠዋት ልብሱን በሻንጣ የከተቱለት ዕለት እዚህ ነው የተማረው። ዛሬ ደግሞ እሷ አስጠናችው። አሁን ዝም ብትል የሚያውቅባት የለም። እንቁላሉ «መንገድ ላይ ይሰበራል» ተብሎ እዚሁ ይቀራል፤ እሱም አሁንም እሺ ይላል።

ብስኩቱን አወጣች፤ ጫፍ ጫፉ ትንሽ አርሯል። ከዚያ መጥታ ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«አልቋል ያልኩህ ውሸቴን ነው።»

ልጁ ብልቃጡን፣ ከዚያ እሷን አየ። «ለምን?»

«እንዲሄድብኝ አልፈለግሁም።»

«እንቁላሉ?»

እታለም አውራ ጣቷን ነክራ፣ ከእሱ ጫጩት ጎን፣ ክንፍ ለክንፍ እስኪነካኩ አስጠግታ አተመች። ድንቼ ቀለሙ እስኪደርቅ ሲነፋበት ቆየና «አሁን ማታ ስተኛ አይሻለሁ» አለ። «ፊትሽ አንዳንዴ ይጠፋብኛል።»

እታለም መጥረጊያ ጨርቁን አንስታ፣ ንጹሕ የሆነውን ጠረጴዛ ደጋግማ ወለወለችው።

ዘጠኝ ተኩል ላይ እናታቸው ልብሷ ላይ ክር እንደተጣበቀ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ደረሰች። ልጁን አቅፋ አንገቱን አሸተተችው። «የኔ ጌታ! የኔ ሸበላ! ማን አስረዘመብኝ?» እሱ ጎትቶ ጠረጴዛው ጋ አደረሳትና ጣቷን ነከረላት። እናትየው ሁለቱን ጫጩቶች አየች፤ ሰፊውን ባዶ ቦታም አየች።

«ይሄስ የማን ነው?»

«የአባዬና የእትዬ።»

እናትየው እታለምን ቀና ብላ አየቻት። እታለም ዓይኗን አልሰበረችም።

«እንግዲያው ጠጋ ጠጋ በሉ» አለች እናታቸው፤ በታክሲ ረዳት ድምፅ። «ወንበር ላይ ሦስት ሦስት ነው፤ ለሚጫን ሰው ቦታ ልቀቁ!» ከልጆቿ ጫጩቶች አጠገብ፣ ጥግ ላይ አተመች።

አሥር ሰዓት ላይ ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። እታለም ማንም ያልፈለገውን የጫጩት ጥጥ ከእንቁላል ካርቶኑ ነቅላ እንቁላሉን ጠቀለለችበት። የቀለም ብልቃጡንም ክዳኑን አጥብቃ ቦርሳው ውስጥ ከተተችው።

«እዚያ ቀለም ላይኖር ይችላል» አለችው። «እንቁላሉን መንገድ ላይ ጭንህ ላይ ያዘው። እትዬን ደግሞ... በቀስታ አትሚ በላት። በኃይል ከተጫኑት ይሰበራል።»

«እሺ» አለ። ይሄኛው እሺ በፈገግታ ነበር።

እናቱ እስከ ውጭው በር ሸኘችው። እታለም ግን አልቻለችም፤ የወጥ ቤቱን መስኮት ይዛ ቀረች። የመኪናው በር ተከፈተ። ከዚያ የሚሮጥ እግር ኮቴ መጣ፣ ድንቼ ጫማውን ሳያወልቅ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ ወጥ ቤት ገባ። ወንበሩን እየጎተተ መደርደሪያው ሥር አቆመ፣ ወጣበት፣ ላይ የተቀመጠውን፣ የጋገሩት ብስኩት ያለበትን ቆርቆሮ ከፈተ። ክዳኑ መሬት ላይ ወድቆ ተንቃጨለ። ሁለት አፈሰ፣ አንዱን አፉ ውስጥ ወሸቀ፣ ዘሎ ወረደ፣ በሩን ሳይዘጋ ሮጠ።

«ይሄ ልጅ ጫማውን ሳያወልቅ! ወለሉን አየሽው?» አለች እናቷ ስትመለስ። ዓይኗ ቀልቷል።

መኪናው እስኪርቅ እታለም ከመስኮቱ አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያ ክዳኑን ከመሬት አነሳች። ቆርቆሮውን ከላይኛው መደርደሪያ አወረደችና የስድስት ዓመት ልጅ ወንበር ሳይጎትት የሚደርስበት የታችኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። ብርጭቆዎቹንም አንድ በአንድ አውርዳ ከጎኑ ደረደረቻቸው።

«እዚያ ምን ይሠራሉ?» አለች እናቷ። «ወጥተን ስንገባ በእግራችን እንሰብራቸዋለን እኮ።»

«ይሁኑ እማዬ» አለች እታለም። «ከዛሬ ጀምሮ ቦታቸው እዚህ ነው።»