እርጥብ ግንድ አይለካም

«ትንፋሽሽን ጨርሰሽ አውጪና ዝቅ በይ! ሳንባሽ ውስጥ አየር ከቀረ ቁጥሩ ይበላሻል!»

ሳይሚ ትንፋሿን አወጣችና ጭንቅላቷን ለብ ባለው ውሃ ውስጥ ቀበረች። የተቀመጠችው ልጅ ሳለች በምትጫወትበት ዥዋዥዌ ላይ ነው። ዥዋዥዌው አባቷ ዓሣ በሚመዝንበት የመንጠቆ ሚዛን ላይ ተንጠልጥሏል፤ መንጠቆው ደግሞ ከሳውናው፣ ከእንፋሎት መታጠቢያ ቤቱ፣ በረንዳ አግዳሚ ላይ ታስሮ ወደ እንጨት ገንዳው ወርዷል። ሦስት ክረምት ሙሉ ለበረዶ ሸርታቴ (ስኪ) ክለቡ ሜዳልያ ስታመጣ ኖራ፣ በአሥራ አምስት ዓመቷ በገዛ ግቢዋ እንደ ዓሣ ተመዘነች። ግሩም ነው።

«ተንቀሳቀስሽ!» አለ አባቷ ታርሞ፣ ብቅ ስትል። «መርፌው ዘለለብኝ። እንደገና።»

«አባዬ፣ አፍንጫዬ ውሃ ሞላ።»

«አንዴ ብቻ፣ የኔ ልጅ። ይሄኛው እኮ ከሁሉም የተመሰከረለት ዘዴ ነው። ስብ ይንሳፈፋል፣ ሥጋ ይሰምጣል። ሳይንስ ነው!»

«ቡሽም ይንሳፈፋል።»

ደገሙት። አባቷ በረዶ ላይ ቆሞ፣ የሱፍ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ስልኩ ላይ አሰላ። ግንባሩን አከከ። እንደገና አሰላ።

«ሠላሳ ስምንት መቶኛ ስብ» አለ ቀስ ብሎ። «ወይ የሆነ ነገር ተሳስቻለሁ፣ ወይ ደግሞ...»

«ወይ ደግሞ ዓሣ ነባሪ ወልደሃል።»

እናቷ ሥራ ገብታ ተረፈ እንጂ፣ ይህን ብታይ ገንዳውን ከነውሃው በላዩ ትደፋበት ነበር። ታርሞ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ መለካት ግን ነፍሱ ነው። በየጠዋቱ የበረዶውን ጥልቀት ይለካል። ማገዶ ሳይለካ አያነድም፤ ሁለት መርፌ ያላት የእርጥበት መለኪያ ሁልጊዜ ኪሱ ውስጥ አለች፤ ከሃያ መቶኛ በላይ እርጥበት ያለው ግንድ በእሱ ምድጃ አይገባም። ዛሬ ደግሞ ግንዱ ሳይሚ ሆናለች።

ከጠዋት ጀምሮ ያልሞከረው ነገር የለም። መጀመሪያ የልብስ ሰፊ ሜትር አምጥቶ አንገቷን፣ ወገቧንና ዳሌዋን ለካ። ስልኩ ሃያ ሁለት አለ። ሜትሩን ሁለት ጣት ዝቅ አድርጎ ሲደግመው ሃያ ሰባት። በሁለት ጣት መካከል ይሄ ሁሉ ስብ ከየት መጣ? እንጃለት። ቀጥሎ በፖስታ ያስመጣውን ቆዳ የሚቆነጥጥ ፕላስቲክ አወጣ። ክንዷን ሲቆነጥጣት አሥራ ስምንት፤ ጎኗን ሲቆነጥጣት ኮርኩሯት እየሳቀች ስትወራጭ ሃያ አምስት። ስብም የሚለካው የመስታወት ሚዛን ላይ በባዶ እግሯ ስትቆም ሃያ አራት። ሚዛኑ ግን «ስፖርተኛ» የሚል ቁልፍ ነበረው። አባቷ ሲነካው ቁጥሩ እዚያው እግሯ ሥር አሥራ ዘጠኝ ሆነ። እንዲህ የሚቀል ከሆነ ሰው በጠዋት እየተነሳ ምን ያሯሩጠዋል? ቁልፍ መጫን ነው እንጂ።

ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣው አሰልጣኝ ራይሞ ነው። ራይሞ ስኪ ያውቃል፣ የስኪ ሰም ያውቃል፤ ከዚያ የተረፈውን እውቀቱን ያገኘው ከስልኩ ነው። ትልልቆቹ ቡድኖች የልጆቻቸውን ስብ ይለካሉ ሲባል ሰማና እሱም አማረው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች! ሐሙስ ዕለት በቡድኑ ገጽ ላይ ጻፈ፤ «እስከ ቅዳሜ ማታ አንድ ሰዓት ሁላችሁም የስባችሁን መቶኛ ላኩ። ቤት ባለው መለኪያ ይሁን። ከሃያ በላይ የሆነች በቅብብል ውድድሩ አትሰለፍም። በየወሩ እንዲህ እናደርጋለን።»

በየቤቱ ምን ዓይነት መለኪያ እንዳለ አልጠየቀም። ሜትር ይሁን የዓሣ መንጠቆ፣ ለእሱ ቁጥር ቁጥር ነው።

ሳይሚ ደግሞ ቅብብሉን ትፈልገዋለች። የመጨረሻዋ ተንሸራታች እሷ ናት፤ ሦስተኛዋ ኬርቱ። ኬርቱ እያለከለከች መጥታ ጀርባዋን ጠፍ ስታደርጋትና «ሂጂ!» ብላ ስትጮህባት፣ ያኔ ሳይሚ ከዓለም ሁሉ የምትፈጥን ይመስላታል። ያንን ሩጫ በአንድ ቁጥር ልታጣው ነው። ሲያስቡት ያናድዳል።

ኬርቱ አሥር ሰዓት ላይ ፎጣዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማ መጣች። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ቅዳሜ ሳውና የምትገባው እነሳይሚ ቤት ነው። ዛሬ ጉንጮቿ ወደ ውስጥ ገብተዋል፤ ከንፈሯ ነጭ ነው።

«በልተሻል?» አለቻት ሳይሚ።

«ቤት በልቼ ነው የመጣሁት።»

ትናንት ደግሞ ትምህርት ቤት ምሳ ሲቀርብ «ቤት እበላለሁ» ብላ ነበር። ሁልጊዜ ቤት፤ ስትበላ ግን ያያት የለም። ሳይሚ ጠረጠረች፤ ግን ፎጣዋን አንስታ ወደ ሳውናው ገባች።

ላይኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ሳይሚ በምድጃው ላይ የጋለው ድንጋይ ላይ ውሃ ቸለስ አደረገች። ሙቀቱ ጆሯቸውን ለበለበው። ምድጃው ጠርዝ ላይ አባቷ በፎይል የጠቀለለው ቋሊማ መንጫጫት ጀምሯል።

«ስንት መጣልሽ?» አለች ኬርቱ።

«አቦ ተይኝ! ሳውና ውስጥ እንኳ ስለ ስብ እናውራ?»

«ንገሪኝ በናትሽ።»

«ከአሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ ስምንት። የሚያምርሽን ምረጪ።»

ኬርቱ አልሳቀችም። «እኔ ቤት ሃያ ሦስት ነበርኩ» አለች። «አሁን ግን ይወርዳል። ልውጣና ልመዘን።» ተነሳች። አንድ እርምጃ ወረደች፤ ከዚያ እንደ እርጥብ ፎጣ ሳይሚ ላይ ወደቀች።

ሳይሚ በብብቷ ይዛ እየጎተተች ወደ በረንዳው አወጣቻት። አንሶላ አለበሰቻት፤ በረዶ አፍሳ ግንባሯን አሸችላት። «ኬርቱ! አንቺ ኬርቱ! አትቀልጂብኝ!»

ኬርቱ ዓይኗን ገለጠች። «ደህና ነኝ። ምንም አልሆንኩም።»

«መቼ ነው የበላሽው? ዋሽተሽ ወዮልሽ!»

ኬርቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ሐሙስ።»

«ሐሙስ? ለራይሞ ብለሽ? ስልኩን አይቶ ሳይንቲስት ለሆነ ሰውዬ?»

«ለራይሞ ብዬ አይደለም። ከኋላሽ መሮጥ ስለምፈልግ... ማለቴ ከፊትሽ። ለአንቺ ማቀበል ስለምፈልግ ነው።» ይህን ስትል አለቀሰች። ወዲያው ደግሞ ግድግዳውን ይዛ ተነሳች፤ ሳይሚ ብትይዛት አልያዝ አለች። የመስታወቱ ሚዛን ታርሞ ከጠዋት ጀምሮ ከቤት ወደ ሳውና ሲያንከራትተው ውሎ ልብስ መቀየሪያው በር ላይ ነበር። በሌሎቹ የክለቡ ልጆች ቤትም እንዲሁ ነው፤ ቅዳሜ ሁሉም ልጅ ከሳውና ወጥታ ላቧን እያንጠባጠበች ሚዛን ላይ ትወጣለች። ሚዛን ያለው እዚያ ነዋ።

ኬርቱ ወጣችበት። ከእግሯ ሥር ውሃ ተዘረጋ።

«አሥራ ሰባት!» ብላ ጮኸች። «ሳይሚ፣ አሥራ ሰባት! መራቤ ሠራ!»

ሳይሚ ገፋ አድርጋ አወረደቻትና ራሷ ወጣችበት። አሥራ ስምንት። ጠዋት ሃያ አራት ነበረች፤ ስፖርተኛ የሚባለው ቁልፍም አሁን አልበራም። ከጠዋት ወዲህ ደግሞ ሁለት ጣፋጭ ዳቦ ከነቅቤው በልታለች። ስልኳን አነሳች። በቡድኑ ገጽ ላይ ሌሎቹ አራቱ ልጆች ልከዋል፤ አሥራ ስድስት፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ ሰባት፣ አሁንም አሥራ አምስት። የቅዳሜ ሳውና ከተማውን በሙሉ አክስቶታል።

በዚህ መሐል ታርሞ በረዶ የለበሰ ማገዶ በክንዱ ተሸክሞ ደረጃውን ወጣ። ኬርቱ ፎጣዋን ሳብ አደረገች። ሳይሚ ምንም ሳትናገር ከአባቷ ኪስ የእርጥበት መለኪያዋን መዘዘችና መርፌዎቿን ውሃ የሚያንጠባጥበው ግንድ ላይ ሰካች።

«ኧረ ተይ!» አለ አባቷ። «እርጥብ ግንድ ይለካል እንዴ? ስንቴ ነግሬሽ! ፈልጠሽ ከውስጡ ነው እንጂ! ላዩን ውሃ ከነካው ኤሌክትሪኩ በውሃው በኩል ሾልኮ ይሄዳል፤ መሣሪያው ይዋሽሻል።»

«የመስታወቱ ሚዛንስ በምንድን ነው የሚሠራው?»

«እሱም ኤሌክትሪክ ነው፤ በእግር ገብቶ...» ታርሞ ቆመ። ዓይኑ ሚዛኑ ላይ ወረደ፤ ከሚዛኑ ወደ እርጥቡ የእግር ዱካ፤ ከዱካው ወደ ኬርቱ ነጭ ከንፈር። ማገዶውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «ይህቺ ልጅ ምን ሆናለች?»

«ከሐሙስ ጀምሮ አልበላችም። ራሷን ስታ ነበር።»

ታርሞ አጠገባቸው ቁጭ አለ። ስለ ሳይንስ አንድ ቃል አልወጣውም። «እኔ ደግሞ እዚህ ልጄን መንጠቆ ላይ ሰቅዬ...» አለና ተወው። «ኬርቱ፣ ቤትሽ እኔ ነኝ የማደርስሽ። ከእናትሽ ጋር እናወራለን።»

«በናትህ አትንገራት! ቁጥሩ እኮ መጣልኝ!»

«ውሸት ነው» አለች ሳይሚ። «እርጥብ እግር ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። የጎዳሽው ራስሽን ነው፣ ስቡ እዚያው አለ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!»

«ውሸት ይሁን! ራይሞ ውሸቱን አይደል የሚፈልገው? አሥራ ሰባት ብዬ ልላክ፣ አንቺም አሥራ ስምንት ብለሽ ላኪ፤ ሁለታችንም እንሰለፍ፣ አለቀ! ማን ይጎዳል?»

እውነቷን ነው፤ ቀላል ነበር። አንድ ቁጥር መጻፍ ነው። ሳይሚ ጀርባዋ ላይ ያ ጠፍ የሚያደርጋት እጅ ተሰማት፤ «ሂጂ!» የሚለው ጩኸት።

«በሚመጣው ወርስ?» አለች።

«በሚመጣው ወር ደግሞ... እንዲሁ።»

«እንዲሁ ማለት ሳትበዪ?»

ታርሞ ተነስቶ ቋሊማውን ከምድጃው አመጣ፤ ፎይሉን ከፍቶ ሁለቱ መካከል አስቀመጠው፤ የሰናፍጩን ብልቃጥ ደግሞ ሳይሚ አጠገብ። ቋሊማው ቆዳው ተሰንጥቆ ይጨሳል።

«ለራይሞ እኔ ልደውልለት?» አለ።

«ቆይ፣ አባዬ። የተጠየቅኩት እኔ ነኝ።»

ሳይሚ ጣቶቿን በፎጣው አደራረቀችና ጻፈች። «ቁጥር የለኝም። ሁላችንም ከሳውና ወጥተን በእርጥብ እግር ነው የተለካነው፤ እኔ ጠዋት ስንት እንደነበርኩና አሁን ስንት እንደሆንኩ ብነግርህ ትስቃለህ። ማክሰኞ ለልምምድ ሜዳው ላይ እመጣለሁ፤ ሰዓት ይዘህ ፍጥነቴን ለካ።» አንዴ አነበበችው። ሁሉም በሚያዩት ገጽ ላይ ላከችው።

መልሱ ቶሎ መጣ። «ቁጥር ያልላከች አትሰለፍም።»

እንደ ልጅ ብታለቅስ ደስ ባላት። የራይሞን መልእክት ሁለተኛ አላነበበችውም፤ ስልኩን አግዳሚው ላይ በፊቱ ደፋችው። ከዚያ ሚዛኑን በእግሯ ገፍታ ከበረንዳው ወደ በረዶው ጣለችው። አባቷ ዋጋውን አላነሳም።

አንድ ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ቀርቷል። የኬርቱ ስልክ መዳፏ ላይ በርቷል፤ «17» ብላ ጽፋበታለች፤ አልላከችውም። አውራ ጣቷ ቁልፉ ላይ ቆሟል። ሳይሚ አንዱን ቋሊማ ለሁለት ሰበረች፤ ግማሹን ኬርቱ ፊት አስቀመጠች፤ የራሷን መብላት ጀመረች። ውጭው ጨለመ፤ ከገንዳው ላይ እንፋሎት ይነሳል፤ ዥዋዥዌው ባዶውን ይወዛወዛል።

ኬርቱ ቁጥሩን አየች። ቋሊማውን አየች። ስልኩን አጠፋችና ጫማዋ ውስጥ ከተተችው።

«ሰናፍጩን አቀብይኝ» አለች።