የአለቃው ቀይ ሪዝ

«ማነው ይህን የሠራ?» ብሎ ጮኸ የአምቡላንስ ጣቢያው አለቃ። ጣሪያው ላይ የነበሩ ርግቦች በርግገው ጎረቤት አገር ሳይገቡ አልቀሩም። ሪዙ ግን እንደ ቲማቲም ቀልቶ ስለነበር ከልቡ የፈራው ሰው አልነበረም።

ቱሪናፋ ብቻ ፈራች። ይህን ቅጽል ስም ያተረፈችው «ድመታችን የአየር ትንበያ ሳትሰማ ከቤት አትወጣም» እያለች ላገኘችው ሁሉ ስትምል ነው። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ እናቷ የአምቡላንስ ነርስ ናት። ባለፈው ወር ከበሽተኛ የተጋባባት ሕመም እናቷን ሁለት ሳምንት አልጋ ላይ ጣላት። ቱሪናፋ ምክንያቱን ደረሰችበት። ሹፌሩ በሽተኛ ባነሳበት ጓንት መሪውን ይይዛል፣ ሬዲዮውን ያነሳል። እናቷ ደግሞ ጓንቷን በወጉ አውልቃ፣ ያንኑ ሬዲዮ በባዶ እጇ ትቀበለዋለች። ለአለቃው ብትነግረው «ይሄንንም ድመትሽ ነች የነገረችሽ?» ብሎ ሳቀባት።

ስለዚህ ዛሬ ቡድኑ በሽተኛ የማንሳት ልምምዱን ሳይጀምር ቀይ ጠመኔ ፈጭታ፣ በሽተኛ ሆኖ የሚተኛው አሻንጉሊት ላይ ነሰነሰችበት። ልምምዱ ሲያልቅ በሩም፣ መሪውም፣ ሬዲዮውም፣ እናቷ የገመጠችው ዳቦም ቀልቷል። ሹፌሩን «ጎበዝ!» ብሎ የጨበጠው አለቃም ሪዙን ጠምዝዞ ነበር።

«እኔ ነኝ፣ አለቃ። ለቀልድ ነው» አለ ሹፌሩ፣ ሊያድናት።

እናቷ በዓይኗ «ዋ! እንዳትተነፍሺ» አለቻት። ዝም ካለች ነገሩ ቀልድ ሆኖ ይቀራል፤ እናቷም ነገ ያንኑ ሬዲዮ ትይዛለች።

«እኔ ነኝ» አለች ቱሪናፋ። «ጠመኔ ነው፣ ጋሼ። በሽታ ቢሆን ኖሮ ግን ሪዝዎ ላይ አይታይም ነበር።»

አለቃው በመኪናው መስታወት ፊቱን አየ። ከዚያ የእናቷን ቀይ ከንፈር አየ።

«አንተ ሹፌር!»

«አቤት!»

«ከዛሬ ጀምሮ ጓንት ሳይወልቅ የፊት በር አይከፈትም! ሬዲዮው ከየጉዞው በኋላ ይጸዳል! እኔም ብሆን!»

«ሪዝዎስ፣ አለቃ?»

«እሱንም አጥበዋለሁ፣ አንተ ቀልደኛ!»

ጣቢያው በሳቅ ፈረሰ። እናቷ ልታቅፋት ተንደረደረች፤ መንገድ ላይ ቆም ብላ ግን መጀመሪያ እጇን ልትታጠብ ሄደች።

«ጠመኔው ተርፏል?» አለ አለቃው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ነገ ሌላው ተረኛ ቡድን ይለማመዳል። እንዳትነግሪያቸው።»

ቱሪናፋ ኪሷ ውስጥ ያለውን የጠመኔ ፌስታል ዳበሰች። ግማሹ አለ፤ ለሒሳብ አስተማሪው ወንበር ያስቀመጠችው ነው። ትንሽ አቅማማች።

ከዚያ ፌስታሉን እንዳለ አውጥታ ሰጠችው።